ልጅ ዓርብ ማታ ሲታመም፦ እስከ ሰኞ ጠዋት የሚያደርስ ዝርዝር መመሪያ ለሐዋሳ እናቶች

ይህ መመሪያ ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 5 ዓመት ለሆነ፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት ለጀመረው ልጅ ነው። ቅዳሜና እሁድ በየቤቱ የሚደገሙት ስህተቶች ያው ናቸው፦ ኦ.አር.ኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) በብርጭቆ ይበጠበጣል፣ ሽሮፕ በሾርባ ማንኪያ ይሰጣል፣ በትኩሳት የሚነድ ልጅ በጋቢ ይጠቀለላል፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ “ሰኞ እናሳየዋለን” ይባላል። የትንሽ ልጅ ሰውነት በተቅማጥና በትውከት ውሃው የሚያልቀው በሰዓታት ውስጥ ነው። ወባ ደግሞ ቀን አይሰጥም። ስለዚህ ከዓርብ ማታ ጀምሮ ሦስት ነገር ያዢ፦ አጠጪ፣ መዝግቢ፣ መሄድ ባለብሽ ሰዓት ሂጂ።

ከምንም በፊት፦ ሳትዘገዪ የምትሄጂባቸው ምልክቶች

ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ የቀረውን ማንበብ ትተሽ ልጁን ይዘሽ ውጪ። ሌሊትም ቢሆን፣ እሁድም ቢሆን።

- መጠጣት ወይም ጡት መጥባት አቅቶታል
- የወሰደውን ሁሉ ያስመልሳል፣ አንድ ማንኪያ ውሃ እንኳ አይረጋለትም
- አንቀጥቅጦታል (አሁን ቢያቆምም)
- ሲጠሩት አይነቃም፣ ወይም ዝልፍልፍ ብሎ አካባቢውን አያስተውልም
- ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ወይም ትንፋሹ እየተፋጠነ ሄዷል
- ሰገራው ደም አለው
- ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ሲያለቅስ እንባ የለውም፣ ለ6 ሰዓት ሽንት አልሸናም
- አንገቱ ገትሯል፣ ወይም የሕፃኑ እርግብግቢት አብጧል

ልጁ ገና 2 ወር ካልሞላው ደግሞ ሕጉ ሌላ ነው። ብብቱ ላይ 37.5 ወይም ከዚያ በላይ ከተለካ፣ ወይም ከ35.5 በታች ወርዶ ከቀዘቀዘ፣ ወይም ጡት መጥባት ከሰነፈ ቤት ውስጥ ምንም አትሞክሪ። የሚቀጥሉት ደረጃዎች ለእሱ አይደሉም፤ ወዲያው ሐኪም ይየው።

ደረጃ 1፦ ዓርብ መድኃኒት ቤት ሳይዘጋ የሚሰበሰብ

ልጁ ከሰዓት በኋላ መነጫነጭና ምግብ መግፋት ከጀመረ “እስኪ ይንጋ” አትበዪ። እሁድ ጠዋት በየሰፈሩ ክፍት መድኃኒት ቤት ፍለጋ መዞር ልጁን ማጠጫ ሰዓትሽን ይበላዋል። ሰው ላኪና እነዚህን አስገዢ፦

1. ኦ.አር.ኤስ፣ ቢያንስ 4 ከረጢት
2. የዚንክ ፍሬ 20 ሚሊግራም፣ ተቅማጥ ካለ
3. የልጆች ፓራሲታሞል ሽሮፕ
4. መርፌ የሌለው የ5 ወይም የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ሁለት
5. ቴርሞሜትር፣ ቤት ከሌለ

ፋርማሲስቱን ስለ ሽሮፑ አንድ ነገር ጠይቂው፦ “ወንድሜ፣ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊግራም አለው?” መልሱን ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ አስጽፊ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ ታገኚዋለሽ።

ከቤት የሚዘጋጀው ይህ ነው፦ አንድ ጀሪካን ውሃ (ቧንቧ እንደሚጠፋ አስበሽ)፣ አፍልተሽ ያቀዘቀዝሽው የመጠጥ ውሃ፣ ቻርጅ የተደረገ ስልክ፣ መብራት ቢሄድ የእጅ ባትሪ። ሻማ ከአጎበር አጠገብ አታብሪ። የክትባት ካርዱን፣ ካላችሁ የጤና መድኅን ደብተሩን፣ የቀድሞ የሕክምና ካርዱን፣ የተወሰነ ጥሬ ገንዘብና ሁለት ቅያሪ ልብስ በአንድ ቦርሳ አድርገሽ በሩ አጠገብ አስቀምጪ።

ከዚያ ለምታውቂው ባለ ባጃጅ ደውዪ። ሐዋሳ ቀን በባጃጅ የተሞላች ናት፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ግን መንገድ ዳር ቆሞ ባጃጅ መጠበቅ ያስጨንቃል። “ልጄ ታሞብኛል፣ ሌሊት ብደውል ትመጣልኛለህ?” በዪው፤ እሱ የማይችል ከሆነ የሚችል ሰው ስልክ ተቀበዪ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ቶሎ ካልተገኘ ግን አትጠብቂ፤ በተገኘው ሂጂ።

ደረጃ 2፦ ለኪና ጻፊ

አንድ ደብተር ወይም የወረቀት ቅዳጅ ግድግዳው ላይ ለጥፊ። አምስት ዓምድ ይበቃል፦ ሰዓት፣ ትኩሳት፣ የጠጣው፣ የወጣው (ሽንት፣ ተቅማጥ፣ ትውከት)፣ የተሰጠው መድኃኒት። የሚጽፈው የሰጠው ሰው ራሱ ነው፣ ወዲያው በሰጠ ጊዜ።

ሰዓቱን በአንድ አቆጣጠር ብቻ ጻፉ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ስልክሽ 2፡00 ሲል በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። አባት በስልኩ፣ እናት በግድግዳ ሰዓት ከጻፉ ፓራሲታሞሉ ሁለቴ ሊሰጥ ወይም ጭራሽ ሊዘለል ይችላል። ወረቀቱ አናት ላይ “በሐበሻ ሰዓት” ብለሽ ጻፊ።

*ክብደት።* የመድኃኒቱ ልክ የሚወጣው ከክብደት ነው፣ በዕድሜ መገመት ያሳስታል። ሚዛን ላይ ልጁን ታቅፈሽ ውጪ፣ ከዚያ ብቻሽን ውጪ፣ ልዩነቱ የልጁ ክብደት ነው። ቤት ሚዛን ከሌለ መድኃኒት ቤት ጠይቂ። ይህም ካልሆነ በመጨረሻ ጤና ጣቢያ የተመዘነውን ከካርዱ ላይ ውሰጂ።

*ትኩሳት።* በእጅ ጀርባ ግንባር መዳሰስ ይጠቁማል እንጂ አይለካም። ብብቱን ከላብ አድርቂ፣ ቴርሞሜትሩን ብብቱ መሐል አድርጊ፣ ክንዱን ደረቱ ላይ ያዢለት። የኤሌክትሮኒክሱ እስኪጮህ፣ የብርጭቆው 5 ደቂቃ። የብርጭቆውን ከመጠቀምሽ በፊት አራግፈሽ ከ35 በታች አውርጂው። 37.5 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው። ጠቅልለሽው ከነበረ ልብሱን አቅልለሽ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድገሚ።

*ትንፋሽ።* ሲያለቅስ አትቁጠሪ፤ ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ሆዱን ግለጪና ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሳልና ፈጣን ትንፋሽ አንድ ላይ ከመጡ ሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት።

*ቆዳ።* ሆዱ ላይ፣ ከእምብርቱ ወደ ጎን መሐል፣ ቆዳውን ቀስ ብለሽ በሁለት ጣት ያዢና ልቀቂ። ወዲያው ከተመለሰ ጥሩ። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ውሃው እያለቀ ነው፤ ከጤና ባለሙያ ፊት መጠጣት ይኖርበታል። እንደተነሳ ከ2 ሰከንድ በላይ ከቆየ ግን ሩጪ።

ደረጃ 3፦ ኦ.አር.ኤስ በጥብጦ ማጠጣት

አብዛኛው ቤት የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ተረጋግተሽ አንብቢው።

*አበጣበጡ*

1. እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።
2. ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን አንብቢ። የተለመደው ለ1 ሊትር ነው።
3. ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በትክክል 1 ሊትር ለኪ። ባለ 1 ሊትር የታሸገ ውሃ ጠርሙስ ከሁሉ ይሻላል። በትንሹ ጠርሙስ የምትለኪ ከሆነ መለያውን እዪ፤ ግማሽ ሊትርም 0.6 ሊትርም አለ፣ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ።
4. ከረጢቱን ሙሉውን ጨምሪ። ግማሹን በብርጭቆ፣ ግማሹን ለነገ የሚባል የለም።
5. ዱቄቱ እስኪጠፋ ነቅንቂ፣ ቅመሺው። ከእንባ የበለጠ ጨው ካለው ውሃው አንሷል፤ ደፍተሽ አዲስ በጥብጪ።
6. ክዳኑ ላይ ሰዓቱን ጻፊ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል።

ስኳር፣ ጨው፣ ወተት፣ ለስላሳ አትጨምሪበት። ከበጠበጥሽው በኋላም መልሰሽ አታፍዪው። ውሃ ሲያንሰው ጨው ይበዛል፣ የልጁን ተቅማጥም ያብሳል፤ ውሃ ሲበዛበት ደግሞ ጥቅሙ ይጠፋል።

*አሰጣጡ*

ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከ2 ዓመት በላይ ላለ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር። ይህን በዓይን ለመገመት አትሞክሪ። የቡና ስኒሽን በሲሪንጅ በውሃ ሙዪና ስንት እንደሚይዝ አንድ ጊዜ እወቂ፤ ከዚያ በኋላ በስኒ ትቆጥሪያለሽ።

ሲጠማው ብርጭቆ አንስቶ ቢጨልጠው ደስ ይላል፣ ግን ሆዱ ይገፋና ሁሉንም ይመልሰዋል። በየ1 ወይም 2 ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ወይም 5 ሚሊ በሲሪንጅ ስጪ። ሲሪንጁን ጉንጩ ውስጥ አድርጊ፣ ወደ ጉሮሮው አትርጪ። ትንሽ መስሎሽ ተስፋ አትቁረጪ፤ በየ2 ደቂቃው 5 ሚሊ ማለት በሰዓት 150 ሚሊ ሊትር ነው።

*ቢያስመልስስ?* አቁሚና 10 ደቂቃ ቆዪ። ከዚያ በየ3 ደቂቃው አንድ ማንኪያ ብለሽ ጀምሪ። ብዙ እናቶች “አልተስማማውም” ብለው ጨርሰው የሚተዉት በዚህች ሰዓት ነው፤ ያስመለሰ ልጅ ግን ከበፊቱ የበለጠ ውሃ ያስፈልገዋል። ሦስት ጊዜ ደጋግመሽ ከጀመርሽ በኋላ አንዱም ካልረጋ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

*አልጠጣም ቢልስ?* ቀዝቀዝ አድርገሽ ሞክሪ። የምትሰጠውን ሰው ቀይሪ፤ ከእናቱ እምቢ ብሎ ከአባቱ ወይም ከእህቱ የሚጠጣ ልጅ ብዙ ነው። አፍንጫውን ይዞ ማጋት ክልክል ነው፣ ወደ ሳንባው ይገባል። ፈዞና ደክሞ እምቢ ካለ ግን ይህ እልህ አይደለም፣ ከላይ ከጻፍኳቸው ምልክቶች አንዱ ነው።

*ኦ.አር.ኤስ ሌሊት ቢያልቅስ?* ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም በቢላ ጀርባ ልክ የተደረገ። ጨዉን ከዚህ አታሳልፊ። ይህ እስኪነጋ ማሻገሪያ ነው፤ ጠዋት ዋናውን አስገዢ። ሚሪንዳ፣ አምቦ ውሃና ጣፋጭ ጭማቂ በኦ.አር.ኤስ ቦታ አይገቡም፤ የሚሪንዳና የጭማቂ ስኳር ተቅማጡን ያብሰዋል።

*ዚንክ።* ከ2 እስከ 6 ወር ላለ ሕፃን በቀን ግማሽ ፍሬ (10 ሚሊግራም)፣ ከ6 ወር በላይ ላለ በቀን አንድ ፍሬ (20 ሚሊግራም)፣ ለ10 ቀን። ማንኪያ ላይ በትንሽ የታለበ የጡት ወተት ወይም በኦ.አር.ኤስ አሟሚው። ተቅማጡ እሁድ ቢቆምም 10 ቀኑን ጨርሺ።

ጡት የሚጠባ ልጅ ጡቱን አይከለከልም። ቶሎ ቶሎና ረዘም አድርገሽ አጥቢ፣ ኦ.አር.ኤሱን በመሐል በመሐል ስጪ።

ደረጃ 4፦ ትኩሳቱን መያዝ

መጀመሪያ ልብሱን አቅዪ። አንድ ስስ ካናቴራ ይበቃዋል። ጋቢውን፣ ኮፍያውን፣ ካልሲውን አውልቂ። “ምች ይመታዋል” ተብሎ መስኮት ሁሉ ሲዘጋ ክፍሉ ይታፈናልና አንዱን መስኮት ገርበብ አድርጊ። በቀዝቃዛ ውሃ አትንከሪው፣ በአልኮል ወይም በአረቄ አታሺው። አልኮል በቆዳው ይገባል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ያንዘፈዝፈውና ትኩሳቱን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል።

ፓራሲታሞል የሚሰጠው ትኩሳቱ 38.5 ሲደርስ ወይም ልጁ በሕመም ሲጨነቅ ነው። 37.8 ሆኖ የሚጫወትና የሚጠጣ ልጅ አያስፈልገውም። ልኩ በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። በሁለት መስጠት መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት ይቆያል፣ 6 ሰዓት ቢሆን ይሻላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ አይበልጥም።

አሁን ጠርሙሱ ላይ ያስጻፍሽውን ቁጥር እዪ። ልጅሽ 10 ኪሎ ነው እንበል፤ የሚገባው ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ነው።

- ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም ከሆነ፦ 5 ሚሊ ሊትር
- ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊግራም ከሆነ፦ 2.5 ሚሊ ሊትር

ሁለተኛውን ጠርሙስ እንደ መጀመሪያው 5 ሚሊ ብትሰጪው ልጁ ከሚገባው እጅግ የበለጠ ወሰደ ማለት ነው። ይህ ሲደጋገም ጉበትን ይጎዳል። ልክ እንደዚሁ የጉንፋን ሽሮፕ በጎን የምትሰጪ ከሆነ ውስጡ ፓራሲታሞል ይኖር እንደሆነ አንብቢ፤ በመቀመጫ የሚገባውም ያው ፓራሲታሞል ነው፣ አብሮ ይቆጠራል።

*ሽሮፑን ቢተፋውስ?* በ30 ደቂቃ ውስጥ ካስመለሰው አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚ። ከዚያ ካለፈ ቀጣዩን ሰዓት ጠብቂ።

*ከ1 ሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ባይወርድስ?* ልኩን አትጨምሪ። ልጁን እዪው፤ ይጠጣል? ዓይንሽን ያያል? ይጠጣና ያይ ከሆነ ማጠጣትሽን ቀጥዪ። ትኩሳቱ ወርዶ ልጁ እንደፈዘዘ ከቀረ ግን የቴርሞሜትሩ ቁጥር አያጽናናሽ፤ ውሰጂው።

አስፕሪንና ዲክሎፌናክ ለልጅ አይሰጥም። አይቡፕሮፌንም በተቅማጥ ውሃ ላለቀበት ልጅ ኩላሊቱን ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪም ሳያዝ ተዪው። ባለፈው ጊዜ የተረፈ አሞክሳሲሊን ወይም ፍላጂል ቁም ሳጥን ውስጥ ካለ እዚያው ይቆይ። ተቅማጥ ማቆሚያ ተብሎ ለአዋቂ የሚሸጠው ክኒን ለትንሽ ልጅ አደገኛ ነው።

*ቢያንቀጥቅጠው*

1. መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፈሽ በጎኑ አስተኚው፣ ጠንካራ ዕቃ ከአጠገቡ አንሺ።
2. ሰዓት እዪ።
3. አፉ ውስጥ ምንም አታስገቢ፤ ማንኪያም፣ ጣትም፣ ውሃም። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ጥቅም የለውም።
4. እጅና እግሩን ጨምድደሽ አትያዢ።
5. ሲያቆም በጎኑ እንደተኛ ይቆይ፤ እስኪነቃ ሽሮፕ በአፉ አትስጪ።
6. 5 ደቂቃ ቢሞላና ባያቆም፣ እያንቀጠቀጠውም ቢሆን ተሸክመሽ ሂጂ። ቢያቆምም በዚያው ሰዓት ሐኪም ይየው።

ደረጃ 5፦ ቅዳሜ ጠዋት የደም ምርመራ

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐይቅ አጠገብ። ወባ በአገራችን በዋናነት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ ትኩሳት ያለበት ልጅ ሁሉ፣ ተቅማጥ ቢኖረውም፣ ጉንፋን ቢመስልም፣ ትኩሳቱ ከጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ ይገባዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ እንዲሁም በሚያዝያና ግንቦት አካባቢ ከሆነ ደግሞ አንድም ሰዓት አታባክኚ። ትኩሳቱ ዓርብ ማታ ከጀመረ የምርመራው ቀን ቅዳሜ ነው፤ ሰኞ ዘግይቷል።

በጠዋት ሂጂ። ጤና ጣቢያ ቅዳሜና እሁድ መደበኛው ተመላላሽ ክፍል ላይሠራ ይችላል፤ በሩ ላይ “ዛሬ የለም” ቢሉሽ ድንገተኛውን ጠይቂ። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ውጤቱ ከ20 ደቂቃ ገደማ አያልፍም።

ምርመራው ወባ ካለ የሚሰጠው መድኃኒት እንደ ወባው ዓይነት ይለያያል። ጎረቤት የተረፈውን ኮአርተም ቢሰጥሽ አመስግነሽ መልሺ። ከታዘዘልሽ ግን ከምግብ ወይም ከወተት ጋር ስጪ፣ ሦስቱን ቀን ሙሉ ጨርሺ፤ ከሰጠሽው በኋላ በ1 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ ስለ መድገሙ ባለሙያውን አስቀድመሽ ጠይቂ። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ሲጠፋ ማቋረጥ ወባውን ያስመልሰዋል።

*ውጤቱ “ነፃ” ቢሆንና ትኩሳቱ ቢቀጥልስ?* እሁድ ተመልሰሽ ሂጂ። የመጀመሪያው ቀን ምርመራ አንዳንዴ ያመልጠዋል።

ደረጃ 6፦ ምግብ

ሆዱን ለማሳረፍ ተብሎ ማስራብ ልጁን ያዳክመዋል። በቀን 6 ጊዜ ያህል ትንሽ ትንሽ ስጪ፦ ወፈር ያለ አጥሚት፣ ገንፎ፣ የተፈጨ ድንች፣ ሩዝ፣ ሙዝ፣ እርጎ። ከአሞራ ገደል ዓሣ ካስመጣሽ ሾርባውን ቤት ሥሪው፣ ሚጥሚጣ የሌለው፣ እሾህ እንዳይቀር በወንፊት የተጠለለ። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አትስጪ። ካልበላ አታስገድጂ፤ መጠጣቱ ይቅደም፣ ምግቡን ከሰዓት በኋላ ድገሚ።

ደረጃ 7፦ ምክር ይዞ የሚመጣ ዘመድ

ሰው ሊጠይቅ ሲመጣ ምክሩም አብሮ ይመጣል፤ የሚመጣውም ከፍቅር ነው። እማማን ማስቀየም አያስፈልግም፣ ግን አንዳንዱ ምክር ልጅ ይጎዳል።

“ጥርስ ሊያወጣ ነው” ሲባል ተቅማጡ እንደ ተራ ነገር ይታለፋል። ጥርስ ያውጣም አያውጣ፣ ተቅማጥ ተቅማጥ ነው፤ ደረጃ 3 ይሠራል። ድዱን አስነክሪ፣ እንጥሉን አስቆርጪ የሚል ከመጣ በፍጹም አትስሚ፤ ደም መፍሰስና መመረዝ ያስከትላል። ዳማከሴ ልብሱ ላይ ማሸት ይቅርታ ይደረግለት ይሆናል፤ ጨምቆ አፍንጫና አፉ ውስጥ መጨመር ግን ወደ ሳንባ ስለሚገባ አይሆንም። ጠበል የምታጠጪ ከሆነ መድኃኒቱንም ኦ.አር.ኤሱንም አታቋርጪ።

ለትልልቆቹ የሚቀለው መልስ ይህ ነው፦ “እማማ፣ ሐኪሙ እስከ ሰኞ ሌላ እንዳልጨምር አዝዞኛል። እርስዎ ይልቅ ይህችን ማንኪያ እየቆጠሩ ያጠጡልኝ።” ማጠጣት ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ትዕግሥት ያላቸው ደግሞ እነሱ ናቸው። እግረ መንገዳቸውን አንቺ አንድ ሰዓት ትተኛለሽ። ወደ ልጁ የሚቀርብ ሁሉ መጀመሪያ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ዳይፐርና የተበከለ ልብስ ከማድ ቤት ይራቅ።

ደረጃ 8፦ ሌሊቱ

ሌሊቱን በሁለት ክፈሉት። አንዱ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 8፣ ሌላው ከ8 እስከ ንጋት። ብቻሽን ልጅ የምታሳድጊ ከሆነ እህትሽን ወይም ጎረቤትሽን አንድ ሌሊት አሳድሪ፤ በዚህ ሰዓት መጠየቅ ነውር የለውም። ያልተኛ ሰው የመድኃኒት ልክ ይስታል።

ልጁ በአጎበር ውስጥ ይተኛ፣ ከጎንሽ። በየ2 ሰዓቱ ማንቂያ ሙዪ። በነቃሽ ቁጥር አራት ነገር እዪ፦ ትንፋሹን፣ ዳይፐሩን ወይም ሽንቱን፣ ትኩሳቱን፣ ስትነኪው መንቃቱን። እንቅልፍ የወሰደው ልጅ ጉንጩ ሲነካ ይንቀሳቀሳል፣ ይነጫነጫል፤ ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ተኝቷል ብለሽ አትተዪው። ተቅማጡ እየወጣ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠጣ እንዲያድር አትፍቀጂ። ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኖም ቀና ካደረግሽው ከማንኪያ ይጠጣል።

አንቺም ጠጪ፣ ብዪ። የምታጠቢ ከሆነ ደግሞ እጥፍ።

ደረጃ 9፦ መሄድ ግድ ሲሆን

በከተማችን ድንገተኛ ክፍላቸው ሌትና ቀን ከሚሠራው የመንግሥት ሆስፒታሎች ሁለቱ፣ ሰው ሁሉ “ሪፈራል” የሚለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና አዳሬ ጠቅላላ ሆስፒታል ናቸው። ልጁ እያንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ስቶ ከሆነ የሚቀርብሽን ምረጪ። የጀመርሽውን የኦ.አር.ኤስ ጠርሙስ ያዢ፤ ራሱን ካልሳተ በስተቀር ባጃጁ ውስጥም ማጠጣቱ ይቀጥላል።

በር ላይ እንደደረስሽ ካርድ ወረፋ ውስጥ ገብተሽ ዝም አትበዪ። አንቺ ካርዱ ጋ ትሰለፊና ሌላው ሰው ልጁን ይዞ በቀጥታ ድንገተኛ ይግባ። ብቻሽን ከሆንሽ መጀመሪያ ልጁን አሳዪ። አነጋገርሽ አጭርና በቁጥር ይሁን፦

“ሲስተር፣ ልጄ 2 ዓመቱ ነው፣ 11 ኪሎ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ተቅማጥ 8 ጊዜ፣ ትውከት 5 ጊዜ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ አልሸናም። ፓራሲታሞል የሰጠሁት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። አሁን መጠጣት አቅቶታል።”

ወረቀቱን አብረሽ ስጪ። “በጣም አሞታል” ከሚለው ቃል ይልቅ “አልሸናም”፣ “አይጠጣም”፣ “አንቀጥቅጦታል” የሚሉት ቶሎ ያንቀሳቅሳሉ። ወረፋ እየጠበቅሽ ልጁ ከባሰ ተነስተሽ ሂጂና እንደገና ተናገሪ፤ ይህ ጭቅጭቅ አይደለም።

ከመውጣትሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ይህ መድኃኒት በስንት ሰዓት ልዩነት ለስንት ቀን ነው? ምን ሲታይ ልመለስ? የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው? በየስንት ሰዓቱ እንደሆነ በሐበሻ ሰዓት አስጽፊ።

ደረጃ 10፦ ሰኞ ጠዋት

ልጁ ቢሻለውም እነዚህ ካሉ ሰኞ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፦ ትኩሳቱ እስካሁን አለ፣ ተቅማጡ አልቀነሰም፣ ምግብ እንደገፋ ነው፣ ጆሮውን ይነካል ወይም ፈሳሽ ይወጣዋል። ተቅማጡ 14 ቀን ከሞላ ደግሞ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል።

ተሽሎት ከሆነ ወደ መዋያ ወይም ትምህርት ቤት ለመላክ አትቸኩዪ፤ ተቅማጡ ከቆመ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። ለሚቀጥሉት 2 ሳምንታት በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ስጪው፣ የቀነሰውን ክብደት ይመልሳል። ከዚያ ደግመሽ መዝኚውና አዲሱን ክብደት ሽሮፑ ላይ ጻፊ። የተረፈውን የተከፈተ ሽሮፕ መቼ እንደተከፈተ ጽፈሽ ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጪ፣ ሲሪንጆቹን በሳሙና አጥበሽ አድርቂ፣ ያለቀውን ኦ.አር.ኤስ ዛሬውኑ ተኪ። ዚንኩ እስከ 10ኛው ቀን ይቀጥላል።